ከአጥር ማዶ የመጡት ግራዝማች

ሰው ዘመዱን ወይ በሰርግ ወይ በለቅሶ ያውቃል። እኔ ያወቅሁት በፕሮጀክተር ነው። ያውም ማክሰኞ ጠዋት፣ ሠላሳ ሁለት ተማሪ ፊት፣ ሽማግሌ ልልክ አምስት ቀን ሲቀረኝ።

ቦንጋ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ኮሌጁ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው። የኮምፒውተር አስተማሪ ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሥራዬ ግማሹ መብራት መጠበቅ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄ ስለማይሰማ መስኮቱ ጋ ቆሜ የማየው ዝናብም እንደ ሥራ ይቆጠርልኛል። በተረፈችው ጊዜ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ።

የዚያን ቀን ትምህርት ስለ «ፕራይቬት» ነበር። ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ፤ የሚያውቅ ይዝለለው። ክላስ ማለት ባዶ ቅጽ ነው በሉት፣ ቀበሌ መስኮት ላይ እንደሚሰጡን ያለ። ኦብጀክት ማለት ያው ቅጽ ሰው ሞልቶት ሲመለስ ነው። ከቅጹ መስመሮች አንዳንዶቹ ፕራይቬት ይባላሉ፤ የውጭ ሰው አያያቸውም። እዚህ ድረስ ተማሪዎቼ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ጣጣው የመጣው ቀጥሎ ነው፦ ሁለት የተሞሉ ቅጾች ከአንድ ክላስ እስከሆኑ ድረስ፣ አንዱ የሌላውን ፕራይቬት መስመር ገልጦ ማንበብ ይችላል።

ቃልኪዳን እጇን አወጣች። ቃልኪዳን ከቢታ ገነት የመጣች ተማሪዬ ናት። እጇን ስታወጣ እኔ ቀድሜ ውሃ እጠጣለሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ ታዲያ ምኑ ነው ፕራይቬት?»

«ለውጭ ሰው ዝግ ነዋ።»

«የኔም ቦርሳ ለውጭ ሰው ዝግ ነው። እንደኔ ቦርሳ የያዘች ሁሉ ትክፈተው ማለት ግን አይደለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እዚህ ላይ «ለፈተና ያዙት» ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። ስንት ብልህ አስተማሪ በዚህች ቃል ተከብሮ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ግን ሲስቁብኝ አልወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ በሽታ ነው።

«እሺ» አልኩ፣ «ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?»

«ዘር ይቆጠራል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ከኋላ አንዱ፣ «እኛ ጋ ጎሳው አንድ ከሆነ እዚያው አለቀ፤ ሰባት ድረስ መድከም ለምን ያስፈልጋል?» አለ። እውነቱን ነው። በካፋዎች ዘንድ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፣ ነገሩ ባንዲት ቃል ያልቃል። እኛ ከሰሜን የመጡት ሰዎች ልጆች ግን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ረዘም ያለው ለፕሮግራም ይመቻል ብዬ የሰባቱን መረጥኩ።

«አያችሁ፣ የሰው ዘር አደባባይ አይለጠፍም፤ ፕራይቬት ነው። ግን አንዱ የሌላውን ካላየ እንዴት ብሎ ዘመድ መሆን አለመሆኑን ያውቃል? ስለዚህ ሰው ለሰው ይከፍታል፣ ለውጭ ይዘጋል። የምንማረው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫም፣ ያለው ይህንኑ ነው።»

ደስ አላቸው። እኔ ደግሞ ከነሱ በላይ ደስ አለኝና «ሠርተን እንየው» አልኩ። የኔን ሰባት አያቶች ጻፍኩ። «ሌላ ሰው?» ስል ቃልኪዳን ተነሳች። የፕሮጀክተሩን ዓይን በደብተር ጋረድኩላት፤ ሰባቱን ራሷ ጻፈች፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ከዚያ ደብተሩን አንስቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ዝምድና አለ። አምስተኛ ትውልድ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንስቶ የጻፍኩት ፕሮግራም በመጀመሪያ ሙከራ ሲሠራ አይተው አያውቁማ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ያላጨበጨበች ቃልኪዳን ብቻ ናት።

«ቲቸር… እኔ ዘመድዎ ከሆንኩ፣ ህይወትስ?»

ህይወት የቃልኪዳን የአጎቷ ልጅ ናት። ቢታ ገነት ሒሳብ ታስተምራለች። እሑድ ሽማግሌ የምልከው እሷ ቤት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ቦንጋ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር አስተማሪ ለተማሪ አይነግርም፣ ተማሪዎቹ ናቸው ለአስተማሪው የሚነግሩት። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ጠፋ። ሠላሳ ሁለት ሰው ለኔ ሲያዝን ተሰማኝ።

«አምስተኛሽ ማን ናቸው?» አልኳት።

«ፕራይቬት ነው አላሉም?»

«ቃልኪዳን!»

«ግራዝማች ድንበሩ።»

ልቀመጥ አልኩ። ወንበሩ ግን ከነበረበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ኖሯል።

መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። አባቴ ደምሴ ይባል ነበር። ማርና ኮረሪማ ከሺሺንዳ ገበያ ገዝቶ ቦንጋ ያመጣ ነበር። የፊት ክፍላችን ግማሹ ጆንያ ነበር፤ ኮረሪማ ተደርድሮበት እኛ በቀረው እንኖር ነበር። በማር ወቅት ንቦቹ ማራቸውን ተከትለው ቤታችን ይገቡና እናቴ በነጠላዋ ስታባርራቸው ትውላለች። አባቴ ማታ ሲገባ ኮቱ ማር ማር ይላል። ዛሬም ኮረሪማ ሳሸት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሌላ ምንም አልልም፣ ይናፍቀኛል።

ታዲያ አባቴ ራት ከመቅረቡ በፊት «ቁጠር» ይለኛል። እኔም «ደምሴ፣ ወልዴ፣ ቸሩ፣ ደስታ» ብዬ አቆማለሁ።

«ከዚያስ አባዬ?»

«ከዚያማ ስታድግ።»

በየቀኑ አድጌ እጠይቀዋለሁ፤ በየቀኑ «ስታድግ» ነው። ከኛ ጓሮ ማዶ ደግሞ የምትኩ ቤት ነበር፤ ምትኩ የዛሬዋ የቃልኪዳን ታላቅ ወንድም ነው። እሷ ያኔ አልተወለደችም። በሁለቱ ቤቶች መካከል ሽንቁር የበዛበት አጥርና ጥቅጥቅ ያለ እንሰት ነበር። የምትኩ አባት ልጃቸውን ሰባት ድረስ ያስቆጥሩታል፤ ምትኩም ጠዋት መንገድ ላይ እኔን ያስቆጥረኛል። እኔ ደስታ ላይ ስደርስ አልቄ ቁጭ። እሱ ግን ገና መጀመሩ ነው፤ አምስተኛው ግራዝማች ድንበሩ ናቸው። ግራዝማች! ያውም ጎሽ በጦር የጣሉ! የኔ ደስታ ምን እንደጣሉ የሚያውቅ የለም። ምትኩ ሲስቅብኝ ደግሞ፣ በሽታዬን ነግሬአችኋለሁ።

አንድ ክረምት ሦስት ምሽት እንሰቱ ውስጥ ተደብቄ አዳመጥኩ። ዝናቡ ከቅጠሉ ላይ በአንገቴ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግራዝማቹን ይዤ ወጣሁ። ብቻቸውን መውሰዱ ግን ነውር መሰለኝ፣ ሰው ከአባቱ አይለይም። ስለዚህ የግራዝማቹን አባትም፣ አያታቸውንም አብሬ አመጣሁ። ሌባም ሥርዓት አለው።

ያን ዕለት ማታ አባቴ «ቁጠር» ሲለኝ ደስታ ላይ አላቆምኩም። ሰባቱንም አወረድኩት። አባቴ ቀና አለ።

«ማን ነገረህ?»

«እትዬ አስካለ» አልኩ። እትዬ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ዋጫ ነበር የሚኖሩት። የመረጥኳቸው ዋጫ ሩቅ ስለሆነ ነው።

«እስቲ እንደገና» አለኝ። እንደገና ቆጠርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አዳመጠኝ። የትኛውን ጆሮዬን እንደሚጠመዝዝ እያሰበ መስሎኝ ሁለቱንም አዘጋጀሁ። አባቴ ግን ከራቱ ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

በዓመቱ እነምትኩ ወደ ቢታ ገነት ሄዱ። እኔም ቀስ በቀስ ስርቆቱን ረሳሁት። ውሸት ሲሰነብት መጀመሪያ የሚያሳምነው ባለቤቱን ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግራዝማች ድንበሩ እንደ አፍንጫዬ የራሴ ነበሩ። ከህይወት ጋር ስንተዋወቅም፣ የምትኩ አጎት ልጅ መሆኗን ስሰማም፣ አንድም ነገር ትዝ አላለኝ። ሰው ምን ያህል ሞኝ ሊሆን እንደሚችል መለኪያ ቢጠፋ እኔን ጥሩኝ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቢታ ገነት ሰማ። ህይወት ደወለች።

«ዘመዴ ነህ አሉ።»

«አይደለሁም! ግራዝማቹን ሰርቄያቸው ነው።»

«ምን አደረግኻቸው?»

«ልጅ ሆኜ። ከአጥር ማዶ ሰምቼ።»

«ለአባቴ ይሄን ነው የምለው? ‘አባዬ አትስጋ፣ ዘመድ አይደለም፣ ሌባ ነው’?»

«ቀስ ብለሽ ብትነግሪው…»

አልሳቀችም። ህይወት ሁልጊዜ ነው የምትስቀው፤ ያኔ ነው የፈራሁት። «ስማኝ» አለችኝ፣ «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ስንት ሰው መጥቶ አልፈልግም ብያለሁ። አንተን እሺ አልኩ። አሁን በማያውቁህ በአንድ የሞቱ ግራዝማች ምክንያት እንዳጣህ አታድርገኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ማታ ደግሞ የአባቷ የጋሽ ተፈራ መልእክት መጣ፦ ከአባቱ ወገን አንድ ሰው መጥቶ እፊቴ እውነቱን ካልተናገረ እሑድ ማንም እንዳይመጣ። አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ግራዝማቹን ከፕሮግራሙ ሰርዛቸው» አለኝ። ሰረዝኳቸው። ፕሮግራሙ ወዲያው «ዝምድና የለም» አለ። ምን ዋጋ አለው፤ ጋሽ ተፈራ ጃቫ አያነቡም።

እናትና አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ወደ ዋጫ ተነሳሁ። ሺሺንዳ ላይ ገበያ ስለነበር ረዳቱ «አስር ደቂቃ» ብሎ ጠፋ። ወረድኩ። አባቴ የማር ቅሉን ተደግፎ ይቀመጥበት የነበረው ዛፍ ተቆርጧል፤ ቦታው ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። እየዞርኩ ከአንዲት እናት ላይ ኮረሪማ ገዛሁ፣ ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ። ኪሴ ውስጥ እያሻሸሁ ዋጫ ደረስኩ።

እትዬ አስካለ በረንዳቸው ላይ ሆነው የተሰጣ ቡና ላይ የወጡትን ዶሮዎች በዱላ ያባርራሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተመረቅሁ። ምርቃቱ ረዥም ነበር፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ዶሮ ተሰድቧል።

«እትዬ፣ ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ሰርቄ ነበር።»

«ምን ሰረቅህ? የመንግሥት ነው?»

«አይ፣ ሰው ነው።»

«ሰው!»

«የሞተ ሰው።»

«በስመ አብ!» ዱላቸው ወደቀ፣ ዶሮዎቹ ቡናው ላይ ሰፈሩ። እንዳይሸበሩ ቶሎ ብዬ ከእንሰቱ እስከ ፕሮጀክተሩ ነገርኳቸው። ፕሮጀክተሩ አልገባቸውም። እንሰቱ ላይ ስደርስ ግን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ለካስ አንተ ነህ!» አሉኝ። «አባታችን ወልዴ ሲሞት ደምሴ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እኔም ብሆን ልጅ ነኝ። ከደስታ ወዲያ ማን ይነግረን? ሰው ተሰብስቦ ዘር መቁጠር ሲጀመር ደምሴ ‘ዝናብ መጣ እንዴ፣ ልይ’ ብሎ ይወጣ ነበር። ካፋ ተቀምጦ ዝናብ መምጣቱን ለማወቅ መውጣት ያስፈልጋል? ያፍር ነበር ልጄ። ‘ከየት የመጣ ነው’ እንዳይሉት ያፍር ነበር።»

«‘ስታድግ’ ይለኝ የነበረው…»

«ስላላወቀው ነዋ! ከዚያ አንድ ቀን ከሺሺንዳ በእግሩ መጣ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ። እዚህች ደጃፍ ላይ ቆሞ ‘አስካሉዬ፣ ታውቂ ኖሮ ለልጄ ነግረሽ እኔን ትደብቂኛለሽ?’ አለና ሰባቱን ቆጠረልኝ። እኔ ለማንም አልነገርኩም። ልጄ ዋሽቷል ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁት። እንዲያ ያለ ፊት ኖሮት አያውቅም። ‘ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ልጅህ ጠየቀ፣ ነገርኩት’ አልኩት። በቃ። ከዚያ ወዲያ የትም ቦታ ሲቆጠር ተነስቶ አልወጣም።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ማታ ማታ አባቴ የሚያስቆጥረኝ እንዳልረሳው መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ነው ከኔ የሚያጠናው። ኮረሪማው ኪሴ ውስጥ ተሰባብሮ ነበር። እንደ ልጅ አለቀስኩ። እትዬ አስካለ ዱላቸውን አንስተው ዶሮዎቹን አባረሩ፣ እኔን ግን ዝም አሉኝ።

«እውነተኛው አምስተኛችንስ ማን ናቸው?» አልኩ በመጨረሻ።

«እግዜር ይወቀው። እኔ አላውቅም።»

ቅዳሜ እትዬ አስካለን ሚኒባሱ ላይ ፊት ወንበር አስቀምጬ ቢታ ገነት ገባን። ጋሽ ተፈራ ረዥም ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁን። ህይወት በር ከፍታ ውሃ ሰጠችንና ወደ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃው ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እትዬ አስካለ አንዱንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፦ የወልዴን መሞት፣ የዝናቡን ሰበብ፣ ደጃፉ ላይ የዋሹትን ውሸት። «ልጁ ሰረቀ፣ እኔ ደበቅሁ። ደምሴ ምንም አያውቅም። ደማችን አይገናኝም» ብለው ጨረሱ።

«ደምሴ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «የሺሺንዳው የማር ነጋዴ።»

«እሱው ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ገበያ ላይ ነው የተገናኘነው። ጨዋታ ጨዋታን አምጥቶ ‘ግራዝማች ድንበሩ’ ቢለኝ ተነስቼ አቀፍኩት። ማሩን ደፋሁበት። ወንድሜ፣ የምትኩ አባትም፣ ሲሰማ ‘ያን ሁሉ ጊዜ አጥር ለአጥር ሆነን!’ ብሎ ተቆጨ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ‘ዘመዴ’ እንደተባባልን አልቆጠርኩትም። ልጄ የታመመች ጊዜ በዝናብ ማር ይዞልኝ መጥቷል።» ወደ መጋረጃው አዩ። «ሞቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እንደ ዘመድ ራሴን ተላጭቼ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ዕለት የደምሴ ልጅ ነው ሲሉኝ፣ ልጄን መከልከሌ አሳዘነኝ እንጂ ልጁ ሥጋዬ መሆኑ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። እናንተ ደግሞ ዛሬ ያን ሰው ልትወስዱብኝ መጣችሁ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሰረቅሁት ከሳቸው ቤት ነው፤ ስመልስላቸው ግን የማጎድልባቸው አልመሰለኝም። ተነስቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲሞት አውቆ ነበር?»

«አላወቀም ጋሼ።»

«ግራዝማቹ የኔ ናቸው እንዳለ ነው የሄደው?»

«እንዳለ ነው።»

«እሰይ» አሉ ጋሽ ተፈራ። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላው ህይወት አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ።

«ነገ ሽማግሌዎችህ ይምጡ» አሉኝ ወዲያው፣ እንደተቆጣ ሰው። «እኔ ደምሴን ያገኘሁት በውሸት ነው። እናንተ ልጅ ውለዱና እሱን በእውነት ዘመዴ አድርጉልኝ።»